አንዲት ትንሽ ማሻሻያ

በዚህ ዓለም ላይ ሳይታረም ያለፈ ወረቀት ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እስክሪብቶ ነው። የሐኪም ማዘዣ ሲሰጠው «ከምግብ በኋላ» የሚለውን ሰርዞ «ከምሳ በኋላ» ይለዋል። የግራው ተቃዋሚ ፓርቲ ክቡር ሊቀመንበር ደግሞ የነዚህ ሰዎች ሁሉ አውራ፣ የስርዝ ድልዝ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው።

ጸሐፊያቸው አብጠርጥራ ታውቃቸዋለች። ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ባለችው ቢሮ አስራ ስምንት ዓመት ጽፋላቸዋለች። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው መዘዝ ሲያደርጉ፣ የሚከተለውን ቃል በከንፈሯ ቀድማ ትለዋለች፦ «አንዲት ትንሽ ማሻሻያ አለችኝ።» ስለ ሻይ ሰዓት የወጣ ማስታወቂያ አራት ጊዜ ተሻሽሎ፣ በመጨረሻ ሻዩ ራሱ ቀርቷል።

ያን ሰሞን ግን ነገሩ ከሻይ በላይ ሆነ። መንግሥትና ታጣቂዎቹ ሊታረቁ ደርሰዋል፤ ያለ ግራው ፓርቲ ድምፅ ግን ምክር ቤቱ ስምምነቱን አያጸድቀውም። የተኩስ አቁሙ ደግሞ ዓርብ ያበቃል። የጸሐፊዋ የመጨረሻ ልጅ ያለው ጦር ግንባር ነው። ለማንም አላወራችም፤ ፎቶውን ከወረቀት መያዣዋ ሥር አድርጋ ነው የምትሠራው።

ሁለቱን ወገኖች የሚያሸማግለው አገር የላከው ዲፕሎማት፣ ፓርቲው የሚፈርመውን የድጋፍ ሰነድ ይዞ ያንን ደረጃ አምስት ጊዜ ወጣ። አምስቱንም ጊዜ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የወንበሩ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የድሮ የአቋም መግለጫ ተጣጥፎ ተደርጎበታል። ሊቀመንበሩ «ሰላም» የሚለውን «ዘላቂ ሰላም» አሉት፤ በማግስቱ «ፍትሐዊና ዘላቂ»፤ በሦስተኛው ቀን «ዘላቂ» የሚለውን ማን እንዳስገባው ጠየቁ። ዲፕሎማቱ በአክብሮት ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ወንበሩም አብሮት ይነቀነቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ ከእንግዲህ የማደርገው ጠፋኝ አላት። እሷ ዓይነ አፋር ናት፤ በር ሲንኳኳ እንኳ ትደነግጣለች። ግን የፎቶውን ጫፍ አየችና ደፈረች።

«ስማኝ ልጄ፤ የሚሰርዙት ነገር ካልተውክላቸው የማይሰረዘውን ይሰርዛሉ።»

ከዚያ ለነፍስ አባቷም ያልነገረችውን ነገረችው። እሷ በምትጽፈው ረጅም ወረቀት ሁሉ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ የማይረባ ዐረፍተ ነገር ትሸጉጣለች። እሳቸው እሱን አግኝተው በደስታ ይሰርዙታል፤ ሌላው ይተርፋል። ዲፕሎማቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ምን እንሸጉጥ ተባባሉ። እሱ ወገቡን እያሻሸ ከልቡ ያለውን ተናገረ፤ እሷም ጻፈችው፦ «አንቀጽ ሰባት፦ የድርድሩ ወንበሮች በሙሉ የማይነቃነቁ ይሆናሉ።»

ሊቀመንበሩ አነበቡ። ገጽ አንድ። ገጽ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽሩ ወደ ግንባር ወጣ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ተመዘዘ። አንዴ አንቀጽ ሰባትን፣ አንዴ ጸሐፊዋን አዩ። ከዚያ ቀዩን ከድነው ሰማያዊውን አነሱ።

«ማሻሻያ የለኝም» አሉና ፈረሙ።

ዲፕሎማቱ ከወንበሩ ለመውደቅ ትንሽ ነው የቀረው። ጸሐፊዋም ሳታስበው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ኧረ አንቀጽ ሰባት...» አለች።

«አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የምትሸጉጪልኝን የማላውቅ መስሎሽ ነው እህቴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የልጁንም ፎቶ የት እንደምታኖሪው አውቃለሁ። ዛሬ ብሰርዝ እንደገና ይጻፋል፣ እንደገና ይመከርበታል፣ ዓርብ ያልፋል። ይቅር፣ ልጁ ይምጣ።»

እነሆ ከሰላም ስምምነቱ ጋር የተያያዘው ሰነድ እስከ ዛሬ ስለ ወንበር እግር ይደነግጋል።

ልጁ በሚመጣበት ሳምንት ጸሐፊዋ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዋን ይዘው የእንግዳው ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ወንበሩ በአንቀጽ ሰባት መሠረት አናጢ ቤት ደርሶ መጥቷል። መነጽሩ ወደ ግንባር ወጣ።

«አንዲት ትንሽ ማሻሻያ አለችኝ።»

«ሦስት» የሚለውን በቀይ ሰርዘው «ሠላሳ» ብለው ጻፉበት። ያቺ ማመልከቻ አሁን ከወረቀት መያዣው ሥር፣ ፎቶው በነበረበት ቦታ ተቀምጣለች።