ማኅተሙ ያልተነካ ሐውልት

በሱዳን፣ በባሱንዳ የሰሊጥ እርሻ የከረምነው የአሥራ አንድ ሠራተኞች ማኅበር የዘንድሮውን የሥራ ዘመን በታላቅ ድል አጠናቅቋል። ይህን ያሉት ክቡር ሊቀመንበራችን ጋሼ ጋረደው ናቸው። እኔ ሶፎኒያስ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ የተባለውን እጽፋለሁ። ለዚህ ኃላፊነት የበቃሁት በሠራተኞች መኖሪያው፣ በካምቦው ውስጥ የሚጽፍ እስክሪብቶ የተገኘው እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ ስለነበር ነው፤ ምርጫውም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተራግፎ እንዳለቀ ደመወዛችንን በእጃችን ተቀበልን። ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ግን ሽፍታ በዝቶበታል ተባለ። ከእኛ ቀድመው የወጡ የጎረቤት ካምቦ ሰዎች ድንበሩ ጫፍ ገላባት የደረሱት በባዶ እግራቸው ነበር፤ ሽፍቶቹ ጫማ እንኳ አልማሩም። ወሬው ሁላችንንም አስጨነቀን፤ ከመካከላችን ይታያል የተባለው ጓደኛችንማ እህል መቅመስ ተወ። እናቱ ዓይኗ በሞራ ከተጋረደ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያን ሁሉ ፀሐይ የቻለው ጎንደር ወስዶ ሊያሳክማት ነው።

በዚህ አሳሳቢ ሁኔታ ሊቀመንበሩ ረቡዕ ዕለት በሣር ዳሱ፣ በራኩባው ጥላ ሥር አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስልካቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ችግራችን ገንዘብ መያዛችን አይደለም» አሉ። «ችግራችን ገንዘባችን ገንዘብ መምሰሉ ነው። ሽፍታ ብር ያውቃል፣ ወርቅ ያውቃል፣ የእጅ ሰዓት ያውቃል። ሐውልት ግን አያውቅም።»

ሐውልት ሲሉ የአደባባዩን ማለታቸው አልነበረም። በስልክ ገበያ ላይ የሚሸጥ፣ ክንድ የማያህል፣ ክንፍና ሰይፍ ያለው የተዋጊ ምስል ነው። በዓለም ላይ የተሠራው ሺህ ብቻ ነው ተብሎ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከነካርቶኑ፣ ከነማኅተሙ ከተቀመጠ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ማኅተሙ ከተነካ ግን ከልጆች መጫወቻ አይሻልም። የሁላችንም ደመወዝ አንድ ላይ ቢሆን አንዱን ይገዛል፤ መተማ ስንደርስ በዚያው ስልክ አትርፈን እንሸጠዋለን።

ወጥ ቤታችንን የምታስተዳድረው ማስተዋል የሽንኩርት ቢላዋዋን እንደያዘች ጠየቀች።

«አያ ጋረደው፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን?»

«ካርቶኑ ላይ ተሥሏል።»

«ካርቶኑ ላይማ ይሣላል። ውስጡንስ?»

«ውስጡ አይታይም። ውድ ያደረገውም እሱ ነው።»

«እንግዲያ የሚገዛንስ ሰው ምን ዓይቶ ይገዛናል?»

«አለማየታችንን ዓይቶ ነዋ!»

ጉባኤው በዚህ መልስ ረክቶ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አሁን የሚያፍር ሰው ካለ እኔም እዚያ ውስጥ አለሁ። ማስተዋል ብቻ «የኔን በኔ እጅ ተዉልኝ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች። በቃለ ጉባኤው ላይ «የአንድ አባል የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ተመዝግቧል።

በስልክ ገንዘብ የሚልክልን የእርሻው ጸሐፊ አብዱልናስር ነበር። እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን ከእኛው የተማረ ደግ ሰው ነው። ማስታወቂያውን ዓይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ያ ጋረደው፣ በገበያው በኩል ክፈሉ። ገንዘቡን ገበያው ይዞ ያቆየዋል። ዕቃው ደርሶ፣ ከፍታችሁ፣ ተማም፣ ደኅና ነው ስትሉ ነው ለሻጩ የሚለቀው።»

«እንዴት ተደርጎ ይከፈታል? ከከፈትነውማ ረከሰ! ደግሞ ሻጩ በቀጥታ ለኔ ከላካችሁ እቀንሳለሁ ብሏል።»

«ለምን ይቀንሳል?»

«ስላመነን ነዋ።»

«ይህ ሻጭ ማነው? ስሙስ?»

ሊቀመንበሩ ስልኩን በኩራት አዞሩለት። «ታማኙ ሰብሳቢ ይባላል።»

አብዱልናስር የሰውየውን ፎቶ ፈለገ፤ የጽጌረዳ ሥዕል አገኘ። አድራሻውን ፈለገ፤ «ሱዳን» ይላል። «ወላሂ እኔ የለሁበትም» ብሎ ገንዘቡን ላከልን።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዕቃው በተባለው ቀን ደርሷል። ገዳሪፍ መናኸሪያ ሄደን ከአንድ አውቶቡስ ረዳት እጅ ተረከብነው። የሚያብረቀርቅ ካርቶን ነው፤ ፊቱ ላይ ክንፈኛው ተዋጊ ሰይፉን መዝዞ ያፈጥጣል፤ ክዳኑ ላይ የብር ቀለም ያለው ማኅተም ተለጥፏል። ሊቀመንበሩ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉትና እንደ ሕፃን አቀፉት። ማስተዋል ጠጋ ብላ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«አትነቅንቂው!»

«አንኳኳ እኮ። ሐውልት እንዲህ ያንኳኳል?»

«ሰይፉ ነው።»

«ሰይፉ ድንጋይ ድንጋይ ይላል።»

ይታያል ግን ካርቶኑን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ «ከባድ ነው፤ ከባድ ነገር ጥሩ ነው» አለ። ከብዙ ቀን በኋላ ያን ዕለት አንድ ሳህን ፉል ጨረሰ። ያን ሳይ እኔም ልቤ አመነ ልበል።

በማግሥቱ ማለዳ የመኪናውን ሂሳብ መተማ ስንደርስ ልንከፍል ተስማምተን በአንድ ፒካፕ ከገዳሪፍ ተነሣን። ዶካ የምትባለውን ከተማ አልፈን፣ ግራሩ ከመንገዱ ጋር በሚጠጋጋበት ቦታ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ወጡብን። አስወርደው አሰለፉን። የእቅዱ ብስለት የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ኪሳችን ተገለበጠ፣ ጫማችን ወለቀ፣ አንድም ሳንቲም አልተገኘብንም። ሽፍቶቹ ተናደዱ። ሊቀመንበሩ ካርቶናቸውን አቅፈው በፈገግታ ቆመዋል።

የማስተዋልን ጓዝ ሲፈትሹ ግን ከበርበሬው ከረጢት ሥር በላስቲክ የተጠቀለለውን ደመወዟን አገኙት። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ጻፍ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ ተናግሬ ነበር ብለህ ጻፍ።»

ይህን ጊዜ ፊቱን በሻሽ የሸፈነው፣ ከሦስቱ አለቃ የሚመስለው፣ ወደ ካርቶኑ መጣ። ጋቢውን ገለጥ አደረገ፤ ዓይኑ በራ።

«ይህ የሺሁ ምርት አይደለም እንዴ? ታሽጎ ነው ያለው?»

የሊቀመንበሩ ፈገግታ ጠፋ። ሽፍታ ሐውልት ያውቃል የሚል ነገር በእቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ሰውየው ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ስልኩን አወጣ። በማኅተሙ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፈ፤ ጠበቀ። ከዚያ ፊደሎቹን በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበ። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አባቴ፣ ተበልታችኋል።»

«ምን?»

«ይህ ቁጥር አርባ ቦታ ለሽያጭ ወጥቷል። አንድ ዕቃ አርባ ቦታ አይሸጥም። የፋብሪካውም ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ተመልከቱ። በገበያው በኩል ነው የከፈላችሁ?»

«በቀጥታ» አለ ይታያል።

«ቅናሽ አደርጋለሁ ብሎ?»

ይታያል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ ግን ቆፍጠን አሉ። «ዋጋ ለመስበር ነው እንዲህ የምትለው!»

ሽፍታው በሐዘኔታ ተመለከታቸው። «አባቴ፣ እኔ በነፃ መውሰድ የምችል ሰው ነኝ፤ ዋጋ ለምን እሰብራለሁ? እኔም ገዳሪፍ ሱቅ ነበረኝ። ሁለት ገዛሁ፤ ሁለቱም ጡብ ሆነው ተገኙ። እዚህ ጫካ ምን እሠራለሁ ብለው ነው?»

ካርቶኑን በጋቢው መልሶ ሸፈነላቸው። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ለሹፌሩ ከፍላችኋል?» አለ። ሐውልቱን ሸጠን ልንከፍል መሆኑን ነገርነው። ራሱን ነቀነቀ፤ ከማስተዋል ላስቲክ ውስጥ የመኪናውን ሂሳብ ቆጥሮ ለሹፌሩ ሰጠልን።

«ኸላስ፣ በቃ ሂዱ። አላህ ይርዳችሁ።»

አሥራችንም መርቀነው ተሳፈርን። ማስተዋል ብቻ አልመረቀችም።

መተማ እንደደረስን በሊቀመንበሩ ግቢ የማጠቃለያ ጉባኤ ተደረገ። ሪፖርታቸው አጭርና ግልጽ ነበር። የማኅበሩ ንብረት ያለ አንዳች ጭረት ድንበር ተሻግሯል። በሽፍታ የተወሰደው ከእቅዱ ውጪ የነበረ የአንድ አባል ገንዘብ ብቻ ነው። የትራንስፖርት ወጪም ከማኅበሩ ካዝና ሳይነካ ተሸፍኗል። ሊቀመንበሩ ሊቀመጡ ሲሉ ማስተዋል ተነሣች፤ ቢላዋዋን ከጓዟ አወጣች፤ «ኧረ ተይ!» እስኪሏት እንኳ ሳትጠብቅ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች ተረተረችው።

ከውስጡ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለ ግማሽ ጡብ ወጣ።

ይታያል መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገሩት ሊቀመንበሩ ናቸው።

«ሶፎኒያስ፣ ጻፍ። ዕቃው እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እውነተኛ ሐውልት ነበር። ሐሰተኛ የሆነው ማስተዋል ቢላዋ ስታገባበት ነው። ሳይከፈት ጡብ መሆኑን ያየ ሰው አለ? የለም። ስለዚህ የደረሰው ጉዳት በእሷ ላይ ይሁን።»

ጻፍኩ።

ማስተዋል አልተቆጣችም። «ስለዚህ አያ ጋረደው፣ ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ዋጋ ያወጣ ነበር?»

«ያለ ጥርጥር።»

«ሙሉ ዋጋውን?»

«ከነትርፉ!»

ከግቢው ወጥታ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ማሸጊያ ፕላስተር ይዛ ተመለሰች። ጡቡን ከነካልሲው ወደ ካርቶኑ ከተተች፤ ዙሪያውን በጥንቃቄ አሸገች፤ የብር ቀለሙን ማኅተም አለስልሳ ከላይ ለጠፈች፤ ሊቀመንበሩ እግር ሥር አኖረችው።

«ይኸው ታሸገ። ይግዙን።»

ሊቀመንበሩን አላባቸው። «በመርህ ደረጃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን የኔም ደመወዝ እንደ እናንተው እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። በእጄ ምን አለና?»

በዚህ መሐል ባለቤታቸው ሸጊቱ ከጓዳ በኩል እጇን እየጠረገች ወጣች። እንግዳ አክባሪ ሴት ናት፤ እያንዳንዳችንን እንኳን ደኅና መጣችሁ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ፣ ሳላሳይህ! ያ በሐዋላ የላክኸው ገንዘብ ሰኞ ደርሶልኝ፣ ሁለት በሬ ገዛሁበት። ከኋላ ታስረዋል፤ ና እያቸው እንጂ።»

ቃለ ጉባኤውን ገለጥኩ። ስለ ሐውልቱ የተሰበሰብነው ከዚያ ሰኞ በኋላ በመጣው ረቡዕ ነው። የሁላችንንም ገንዘብ ሰብስበው ለአብዱልናስር ያስረከቡት እሳቸው ስለነበሩ የራሳቸው ድርሻ መኖር አለመኖሩን የጠየቀ አልነበረም። ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩት። የዚያን ዕለት ከጻፍኩት ሁሉ ያለ ትእዛዝ ያነበብኩት እሱን ብቻ ነው።

ሸጊቱ አንዴ ባሏን፣ አንዴ እኛን ዓየች። ይታያል ከመሬት ተነሣ፤ አቧራውን ከሱሪው አራገፈ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ታሽጓል እኮ።»

ሌሎቻችንም ከመቀመጫችን ተነሣን። ሊቀመንበሩ ካርቶኑን ዓዩ፤ በሩን ዓዩ፤ በሩ ላይ ማስተዋል ቆማለች። ሸጊቱ ነገሩ ሲገባት ማንም ሳይጠይቃት ሄዳ በሬዎቹን ፈታች። በሬዎቹ ተሸጠው የይታያል እናት ሕክምናና የማስተዋል ደመወዝ በሙሉ እንዲከፈል፣ የተረፈውን ሌሎቻችን እንድንካፈል ተወሰነ። ለእኛ ከልፋታችን ግማሽ እንኳ አይደርሰንም፤ የተቃወመ ግን የለም።

ወደ ገበያ ልንወጣ ስንል ሊቀመንበሩ ካርቶናቸውን አቅፈው ከአጥሩ ሥር ጠሩኝ።

«ሶፎኒያስ፣ ግዢው በገዢው ሙሉ ፈቃድና ደስታ የተፈጸመ መሆኑን ጻፍ።»

ጻፍኩ። በቀኝ እጄ የአንዱን በሬ ገመድ ይዤ ስለነበር የጻፍኩት በግራዬ ነው።