ቡላዬን የሰረቀችው ሸረሪት

ቆዩ... ቆዩ፣ ልሳቅና ይውጣልኝ! ዋናው ነገር ገና ይመጣል፤ ለአሁኑ ግን ሸረሪትን በሌብነት የከሰሰች ሴት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው እኔ አለሁላችሁ።

መቼም ሰው የሚታየው የለመደው ነገር ነው። ሹፌር በሕልሙም መንገድ ያያል፤ አስተማሪ ሰላም ሲላችሁ እንኳ ስም የሚጠራ ይመስላል። እኔ ደግሞ የሆሳዕና ሴት ነኝ፤ እንሰት በሚፋቅበት ሰሞን ነጭ ነገር ሁሉ ቡላ ነው።

ያን ሰሞን ጓሮዬ ውስጥ ከባለቤቴ ታላቅ እህት ከእትዬ አማረች ጋር እንሰት እንፍቃለን። ከዶዮገና «ለሦስት ቀን ላግዝሽ» ብላ መጥታ ሁለት ሳምንት አልፏታል። ለምን እንደማትሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። አንድ ልጇ ትዕግሥት፣ እናቷ እንቢ እያለቻት ሐዋሳ ሄዳ ፀጉር ቤት ተቀጠረች። እናት «የሄደችው እሷ ናት፤ እሷ ትደውል» አለች። ልጅቷም የእናቷ ልጅ ናትና አልደወለችም። ወራት አለፉ። ባዶ ቤት ከመግባት የእኔን እንሰት መፋቅ ሳይሻል አይቀርም።

እናላችሁ፣ ደረቁን የእንሰት ቅጠል ገለጥ ሳደርግ አንዲት ግራጫ ሸረሪት ድቡልቡል ነጭ ነገር ከኋላዋ አንጠልጥላ ስትሮጥ አየኋት። «እትዬ! ቡላችንን!» ብዬ ጮህኩና በስንጥር አስጣልኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለሸረሪት ብለሽ ሰፈሩን ልትጠሪ ነው? ስንት ኩንታል ጫነችብሽ?» አለች እትዬ አማረች።

ሸረሪቷ ግን አልሸሸችም። እኔን የምታክል ሴት አናቷ ላይ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ብረግጣት እንደማትገኝ እያወቀች፣ ተመለሰች። በፊት እግሮቿ መሬቱን እየዳበሰች ዞረች፣ ዞረች፤ የእግሬ አውራ ጣት ሥር አገኘችው። እቅፍ አደረገችው። ከዚያ ከኋላዋ ለጥፋ ሄደች።

እትዬ አማረች ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየች። «ቡላ እንዲህ አይፈለግም» አለች። «እንቁላሏ ነው።»

አፈርኩ። ሸረሪት በምን ቋንቋ ይቅርታ ትጠየቃለች? በሀዲይኛም በአማርኛም ሞከርኩ። ያንን እንሰት ሳንነካው አለፍን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ኖረናል፤ ይህቺ ግን ድር የሚባል ነገር አታደራም። ያላት ጀርባዋ ብቻ ነው። ሳምንታት አልፈው አንድ ጠዋት እትዬ አማረች (አልሄደችም እኮ!) እየሮጠች ጠራችኝ። ሸረሪቷ ጀርባ ላይ ጤፍ የተነሰነሰ መሰለኝ። ጤፉ ግን እግር አለው! ልጆቿን ሁሉ ተሸክማ ምግቧን ታድናለች፤ አንዱ ሲወድቅ ቆም ትላለች፣ በእግሯ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ስንት ስብከት ሰምቻለሁ መሰላችሁ፤ እንደዚያ ልቤን የነካኝ ግን የለም።

«እኔም ገበያ የምወጣው ትዕግሥትን አዝዬ ነበር» አለች እትዬ አማረች። ቤቴ ከመጣች ጀምሮ የልጇን ስም ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። ልብ በሉ፣ ምንም አልመለስኩም። እኔ! ምንም!

ከዚያ ወዲያ ፊቷን ሳትታጠብ ነው ጓሮ የምትወርደው። በሳምንቱ ፀሐይ ወጥታ ለስለስ ያለ ነፋስ ሲነፍስ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጀርባ ወረዱ። በእንሰቱ ግንድ ሽቅብ ወጡ፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ቆሙ፣ መቀመጫቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩና ቀጭን ክር ለቀቁ። ነፋሱ ክሩን ሳብ፣ ልጁን ነጠቅ! አንዱ ሄደ፣ ሌላው ሄደ፤ ጓሮው ሁሉ በፀሐይ በሚያብረቀርቅ ክር ተሞላ። «ሃሌ ሉያ!» ብዬ እልል ስል ጎረቤት ሙሽራ የመጣ መስሎት በአጥሩ አጮለቀ። እናትየው ግንዱ ሥር ብቻዋን ቀርታለች፤ ጀርባዋ ባዶ ነው።

«አንዱም ዞሮ አላያትም» አለች እትዬ አማረች፣ ድምጿ ሰለል ብሎ።

«እንግዲህ እትዬ፣ እነሱ ስልክ የላቸው!» አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል!

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀና ብላ የመጨረሻውን ክር አጥራችንን እስኪሻገር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ የእንሰት ጭማቂ ያረሰውን እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ዘረጋችልኝ።

«በይ ስልክሽን ስጪኝ፤ በአንቺ ስልክ ከተደወለ እኔ ደወልኩ አይባልም።»