ማንም ያልገባበት ክፍል

ስንታመም ለምን እንደማንናገር ብዙ ጊዜ አስቤ መልስ አላገኘሁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከእኛ በላይ የሚደብቅም የለም። እስቲ ጎረቤታችሁን ጠዋት አጥር ላይ ስታገኙት «እንዴት አደርክ?» በሉት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰምታችሁታል። እሱ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላችኋል። ውሸታም አትሉትም፤ ነገ እናንተም ያንኑ ትላላችሁ። ማንን ይጎዳል?

እኔ ሲጎዳ አይቻለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ዲላ። እናትና አባቴን ቀብሬ፣ የቡና ጆንያ ስሸከም ከርሜ፣ ትከሻዬ አልችል ሲል በአንድ ሐኪም ቤት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ጠባቂ ሆንኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካኪ ኮት ሰጡኝ። ከዚያ በፊት ኮት አልነበረኝም። ስለቀድሞ ኑሮዬ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወይንሸት ትባላለች። ሥራዬን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። «ስማ፣ እኔንና አንተን ሦስት ቀን አስነጥሶ የሚተወን ጉንፋን ጨቅላውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ቫይረስ ነው፤ መርፌ የለኝም። መርፌዬ አንተ ነህ። የመጣውን ሁሉ ጠይቅ፤ የሚያስለውና የሚያስነጥሰው አይግባ።»

ጠየቅኩ። አንድ ሽበታም ሰውዬ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ሳይጨርሱ ግድግዳውን ተደግፈው ያስሉ ጀመር። «ይሄስ?» ስላቸው «ይሄማ የድሮ ነው» አሉኝ። ቀጥላ የመጣችው ነጋዴ አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች «አቧራ ነው» አለችኝ። ውጪ ዝናብ እየዘነበ! በሦስተኛው ቀን መጠየቁን ተውኩና ሁሉንም ከለከልኩ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የመጣውን፣ ሊጸልይ የመጣውን፣ የሰፈሩን ጭቃ ሹም ሳይቀር። «በሩ ላይ አንበሳ አሠሩ» ተባለ። ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ሰው የፈራኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማርታ የምትባል የኮንጋ ሴት ሁለት ልጆች ቀብራ ሦስተኛውን ወለደች። ቀኑ ሳይሞላ ስለተወለደ እዚያው አቆዩት። እናቷ ከኮንጋ እስከ ይርጋጨፌ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጥተው፣ የቡላ ገንፎ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው በሩ ላይ ቆሙ። ሳል የላቸው፣ ትኩሳት የላቸው። ከለከልኳቸው። ገንፎውን ብቻ አስገባሁ።

አልተቆጡም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ዘመድ ቤት እያደሩ ጠዋት ጠዋት እዚያው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«አንተ ልጄ፣ አንተ ትገባለህ አይደል?»

«ውሃ ሳስገባ እገባለሁ።»

«እንግዲያ ዓይኔ ሁነኝ። ማንን ይመስላል? የእኛን ወገን ነው የአባቱን?»

«ሕፃን ሁሉ አንድ ነው፣ እማማ።»

«ወልደህ አታውቅማ! ቀረብ ብለህ እይልኝ። ከሩቅ ያየ ምን ያያል?»

በዚያ ሳምንት ጉሮሮዬ እንደቆሰለ፣ አፍንጫዬም እንደሚፈስ እስካሁን አልነገርኳችሁም። ለሲስተርም አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ?» ትለኛለች፤ መልሴን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ብቀር ያንን ኮት የሚለብስ ሰው ከአጥሩ ውጪ ተኮልኩሎ ይጠብቃል።

ገባሁ። ማርታ መጠቅለያውን ገለጥ አደረገችልኝ። ፊቴን ወደ ፊቱ አስጠግቼ አየሁት። አስነጠሰኝ። «ይማርህ» አለችኝ።

ወጥቼ «አገጩ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። «ምስኪን! ይሄን አገጭ ይዞ ሚስት ማን ይሰጠዋል?»

አራት ቀን አልቆየም፤ ሕፃኑ መጥባት ተወ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቀጥሎ አጠገቡ የተኛው ታመመ። ሲስተር ወይንሸት እየሮጠች ወጥታ ኮቴን ጨምድዳ ያዘች።

«ማንን አስገባህ?»

«ማንንም።»

«ማልልኝ!»

«እናቴ ትሙት።»

እናቴ ሞታለች፤ መሐላው ግን እውነት ነበር። «አውቃለሁ፣ አንተ አታደርገውም» ብላ ኮቴን ለቀቀችና ተመለሰች። ውሃውን ጠረጠሩ፤ አንሶላውን ቀቀሉ፤ ገንፎውን ከለከሉ። እኔን የጠረጠረ አልነበረም። አፍንጫዬን በኮቴ እጅጌ ጠርጌ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ።

አጠገቡ የነበረው ተረፈ። የማርታ ልጅ አልተረፈም።

በማግስቱ ጠዋት ጠቅልለው አወጡት። እማማ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና፣ እጃቸውን ሳይዘረጉ ፊቴ ቆሙ።

«አሁንስ ይፈቀድልኛል?»

ከበሩ ዞር አልኩላቸው። ተቀብለው አቀፉት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ተባረክ ልጄ። አንተ ባታይልኝ ኖሮ፣ በነፍስ ሳለ የነበረውን መልኩን ማን ይነግረኝ ነበር?»

የተመረቀ ሰው የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አሜን» አልኩ።