ነሐስ የሞላው ግቢ

ናይሮቢ ውስጥ ትንሽ የነሐስ ማቅለጫ የከፈትነው ሦስት ነበርን፦ እቶኑን የሚያነደው ተክሌ፣ ሒሳብ የሚይዙት ወይዘሮ አበበች፣ እና ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሥራ አስኪያጁ እኔ ወልዴ።

ጥሬ ገንዘብ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ እኔን እዩኝ። አዲስ አበባ ያፈራሁትን ደርግ ከወረሰብኝ ወዲህ፣ የገባውን ሽልንግ ሁሉ ሳላሳድር ውዳቂ ነሐስ እገዛበት ነበር። ልጆቼንም «ብልህ ሰው ሀብቱን ከባድ ያደርጋል፤ ሌባ እንኳ ቢመጣ ወገቡ ይቀጫል» እያልኩ እመክር ነበር።

አንድ ቀን የትልቅ ደንበኛ ትእዛዝ ይዘን ነሐሱ በግማሽ እንደ ቀለጠ ናፍጣ አለቀ።

«ጋሼ፣ የናፍጣ ገንዘብ ቶሎ ይስጡኝ። ነሐሱ ከረጋ እቶኑ ይሰነጠቃል» አለ ተክሌ።

«ሀብትማ ሞልቷል» ብዬ በኩራት ውዳቂ ነሐስ የሞላውን ግቢ አሳየሁት።

«ታዲያ ለማደያው አሮጌ ቧንቧ ልክፈል?»

ወይዘሮ አበበች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «አቶ ወልዴ፣ ደርግ እኮ ሞያሌን አልተሻገረም! በገንዘብ ሳጥኑ ትንሽ እናስቀር ብዬ ስንቴ ለመንኩዎ?»

ከግቢው ነሐስ በእጅ ጋሪ ጭኜ ወደ ውዳቂ ነጋዴው ሮጥኩ። ሰውየው ላቤን አይቶ ዋጋውን በግማሽ ቆረጠው፤ እኔም እስከ ማታ ተከራከርኩት። መርህ አለኛ! ናፍጣውን ይዤ ስመለስ ነሐሱ እንደ ዳቦ ረግቶ፣ እቶኑ ተሰንጥቆ፣ ተክሌ በመዶሻ እያፈረሰው ደረስኩ።

ለናፍጣ የሚሆን አራት መቶ ሽልንግ በሳጥን ባለማስቀመጤ እቶኑና የቀረብን ትእዛዝ ሦስታችንን ያስከፈሉን ሠላሳ ሁለት ሺህ ሽልንግ ነው።