ጾመኛው ቡችላ

ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ቤት ለሠራ «እንኳን ደስ ያለህ»፣ አዲስ ልብስ ለለበሰም «በሰላም ቅደደው» ይባላል። እኛ አገር ምርቃት ያልተዘጋጀለት ነገር የለም። ቡችላ ታቅፎ ቤቱ ለሚገባ ሰው ግን ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔ ታቅፌ የገባሁ ዕለት ባለቤቴ ወርቄ ያለችኝን ምርቃት ነው ብዬ ልጽፈው ብሞክር ብዕሬ እንቢ ይለኛል።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ፈረንጅ እየመራሁ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በዋሻ ውስጥ ስሽሎከሎክ ኖሬአለሁ። በሁዳዴ የመጣ ፈረንጅ ካጋጠመኝ ደግሞ የማልዘላት አንዲት ንግግር አለችኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ አንቀምስም፤ ወተትማ በደጃችንም አያልፍ!» እላለሁ። ፈረንጁ አፉን ይከፍታል፤ እኔም እንደ ጻድቅ አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። ይቺን ንግግር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ነገሩ የተጀመረው ጋሸና ላይ ነው። የወርቄ ታናሽ እህት አበባ እዚያ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ከወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም እኔም ሰላም ልበላት ብዬ ገባሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ከጓሮ ካርቶን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ጥርሱ ገና እንደ ሩዝ ብቅ ብቅ ያለ ቡናማ ቡችላ ተጠቅልሏል። እናቱን ከትናንት ወዲያ እዚያው አስፋልት ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ገድሏታል። ወንድሞቹን ሾፌሮች ተካፍለዋቸው የቀረው እሱ ብቻ ነው። አበባ የሟቿን ጀግንነት ተረከችልኝ፤ ጅብ እንዳባረረች፣ ሌባ ሱሪውን ጥሎ እንዲሮጥ እንዳደረገች። እኔ ቤት ሌባ የሚመኘው ነገር እንደሌለ ብነግራት «ታዲያ ያቺኑ የሌለችህን ይጠብቅልህ!» ብላ ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጠችልኝ።

ከጋሸና እንደወጣን ደረቴ አካባቢ ሞቅ አለኝ። የፍቅር ሙቀት መስሎኝ ደስ አለኝ። አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው እስከ ላሊበላ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ቀሩ።

የውሻ ስም በእኛ አገር ለውሻው እንደማይወጣ መቼም ታውቃላችሁ። ለጎረቤት፣ ለአማት፣ ለክፉ ዘመድ የሚላክ መልእክት ነው፤ ውሻው ተሸክሞ ያደርሳል። ወርቄ ቡችላውን አየችው፣ እርጥቡን ጃኬቴን አየችው፣ እኔን አየችኝና «ስሙ ታዘብኩ ይሁን» አለች። መልእክቱ ለየትኛው ጎረቤት እንደሆነ ብጠይቃት ጃኬቴን ከላዬ ገፍፋ ልትዘፈዝፈው ወሰደችው።

ትልቁ ጣጣ የታዘብኩ ሆድ ነበር። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከሱፍና ከተልባ በቀር ምንም የለም። እናቱን ያጣ ቡችላ ወተት እንደሚያስፈልገው ለወርቄ ሳስረዳት ዓይኗ ፈጠጠ። በነነዌ ጊዜ እኮ ሰው ብቻ አይደለም፣ ከብቱ ሳይቀር ጾሟል፤ የነነዌ ከብት የጾመውን የጋሸና ውሻ የማይጾመው ምን ስለሆነ ነው? አለችኝ። ሱፍ ሰጠነው፤ አሽትቶ ተወው። ተልባ ሰጠነው፤ ጠጣው። ያን ተልባ ስለተከተለው ነገር ባላወራ ይሻላል። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቆ፣ ማልቀሱንም ትቶ፣ ጫማዬ ላይ አገጩን አሳረፈ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ዕንባዬ መጣ።

በሁዳዴ ላሊበላ ውስጥ ወተት ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ላም ያለው ክርስቲያን ሁሉ ለፋሲካ ቅቤ ያጠራቅማል፤ ወተት ብትጠይቁት እንደ መናፍቅ ያያችኋል። የቀሩኝ አንድ ሰው ነበሩ፤ ከገበያው ጀርባ የሚኖሩት፣ ባለ ሁለት ላም አሮጊት፣ እትዬ ዘይነባ። ዘንድሮ ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር ገጥሞ ስለነበር የጠዋቱን ወተት የሚቀምሰው ጠፍቶ እንዳለ ተቀምጧል። ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የላማቸውን ወተት ለውሻ ስጡኝ ልበላቸው? በምን አፌ! አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ተናገረ፤ ሕፃን የዘመድ ልጅ ቤቴ መጥቷል፣ እናቱን ጋሸና ላይ መኪና ገጭቶ ገደላት አልኳቸው።

እትዬ ዘይነባ ደረታቸውን መቱ። «ያ ሚስኪን! የቲም፣ እናት የሌለው ልጅ ማጥባት እኮ አጅር ነው፣ አላህ ዘንድ ዋጋ አለው፤ እስካሁን ምን ዝም አሰኘህ?» ብለው ተቆጡኝ። ሳንቲም አልነካም አሉ። የልጅ ልጃቸውን አሮጌ ጡጦ ሳይቀር ጨመሩልኝ። «አብሽር፣ አላህ ያሳድገዋል» እያሉ ሲመርቁኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጥቁር ፌስታል ጃኬቴ ሥር ደብቄ እመጣለሁ፤ ከማገዶው ክምር ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ውሻ በጡጦ አጠባለሁ። ወተት በደጃችን አያልፍም ያለው ሰውዬ! በደጃችንማ አላለፈም፣ በጓሮ ነበር የሚገባው።

ወተቱ ጉልበት ሲሆነው ታዘብኩ ሥራ ጀመረ። የወርቄን የክት ነጠላ ከነጥለቱ ዘለዘለው። የአስጎብኚነት ባጄን አኘከው፤ ፎቶዬ ላይ ከአፍንጫ በታች ያለው ፊቴ ዛሬም የለም። «በሰላም ቅደደው» ያልተባለለትን ሁሉ ቀደደ። ከዓመታት በፊት ያስጎበኘኋት አንዲት ፈረንጅ በስልክ ምክር ላከችልኝ፤ የራሱ አልጋ፣ የራሱ መጫወቻ ያስፈልገዋል፣ ሲያጠፋ አትቆጡት፣ ሲያለማ አሞግሱት የሚል። ተርጉሜ ሳነብላት ወርቄ ረጋ ብላ ሰማችኝና «ስለ ሚስት የተጻፈ የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ ወተቱ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም። እሷ የምታቀርብለትን የሽሮ ፍትፍት ታዘብኩ ለወጉ ላስ ላስ ያደርጋል፤ ሆዱ ደግሞ በየቀኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል። «አያችሁ ጾም ሲያፋፋ!» እያለች ለጎረቤት ታሳየው ጀመር። የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት እሳቸውም አይተው አደነቁ። በእሑዱ ስብከታቸው ላይ፣ በየሆቴሉ ጓዳ ተደብቀው እንቁላል የሚያስጠብሱትን ወጣቶች ሲገሥጹ፣ በዚህች ከተማ ሽሮ በልቶ የሚጾም ውሻ አለ፤ አንተ የተጠመቅኸው ከውሻ አነስክ ወይ? አሉ። ምእመኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወርቄ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። እኔ አፍሬ አጎነበስኩ፤ ለትሕትናዬ ደግሞ ተመሰገንኩ። በሳምንቱ አራት ወጣቶች ንስሐ ገቡ ተባለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እውነቱ ቢወጣ የሚዋረደው እኔ ብቻ ብሆን ግድ አልነበረኝም። የወርቄ ኩራት፣ የቄስ ሞገስ ስብከት፣ የአራት ወጣት ንስሐ፣ ሁሉም አንዲት ጡጦ ላይ ተንጠልጥሏል። እስከ ፋሲካ አፌን ይዤ ብዘልቅ ታዘብኩ አድጎ አጥንት ይግጣል፣ ነገሩም ተዳፍኖ ይቀራል ብዬ ቀን እቆጥር ነበር። አንድ ነገር ግን ረሳሁ። በእኛ አገር ሞት ሰምቶ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ከሰፈራችን የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ጠጋ ስል ለቅሶው ከገዛ ቤቴ ነው! ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዷ ባሕር ዳር። ማንኛቸው ነው ብዬ ሳልጠይቅ «ወየው ልጆቼን!» እያልኩ ሮጥኩ። ጎረቤት ብብቴን ደግፎ ያዘኝ። ልጆችህ ደህና ናቸው፤ የጋሸናዋ አበባ ናት፣ መኪና ገጭቷት ነው አሉኝ።

አበባ! ሻይ ስትቀዳልኝ እጇ ታየኝ። መሬት ላይ ተዘርፍጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወርቄ ወገቧን በነጠላዋ አስራ «እህቴ! ታናሼ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን የት እንትከል እያሉ ግቢውን ይለካሉ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረቤት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ አይዞህ፣ ልጇስ ቢሆን አንተን አላጣ፣ በእትዬ ዘይነባ ወተት ያድጋል አለኝ።

ዕንባዬ እዚያው ቆመ። ቀና ብል እትዬ ዘይነባ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ በእጃቸው የሠሩት ትንሽ የሕፃን ቆብ፣ እግራቸው ሥር ክዳኑን የገጠሙት የወተት ጆግ። ለወርቄ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ በቅን ልባቸው «የጋሸናዋን ሟች ነፍስ ይማር፣ መኪና ጨካኝ ነው» ብለዋታል። ወርቄ ጋሸና ከእህቷ በቀር ማን አላት? ጩኸቱን አቀለጠችው።

ወርቄን፣ እትዬ ዘይነባን ከነጆጋቸውና ለቅሶውን ሰምተው የደረሱትን ቄስ ሞገስን እየጎተትኩ ጓዳ አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። ስልኬን አውጥቼ አበባ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። ሟቿ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። «እንዴት ናችሁ? ቡችላው አደገ? እናቱን የገጨው ሾፌር እኮ አሁን እዚህ ምሳ እየበላ ነው!» አለች።

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ታዘብኩ በጓሮ በር ገባ። ጆጉን አሸተተ፣ ክዳኑን በአፍንጫው ገፍቶ ጣለው፣ ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው ነከረ። ከዚያ በኋላ ምስክር አላስፈለገም።

ወርቄ ዕንባዋን ጠረገች። ወደ እኔ ዞራ «ታዘብኩ» አለች። ውሻው የተጠራ መስሎት ጅራቱን ቆላ። እትዬ ዘይነባ የላማቸውን ወተት ሲጨልጥ አዩት። እርግማኔን ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና፣ «ወላሂ፣ አንተ ዋሾ ነህ። የቲም ግን የቲም ነው። ወተቱን ጠዋት ጠዋት ና ውሰድ፤ ጆጉን ግን ከእንግዲህ አልፈልገውም» አሉ። ቆቡን መልሰው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

ቄስ ሞገስ ፊታቸው አመድ መስሏል። «አራቱ ልጆች...» ብለው አጉተመተሙ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይፍቱኝ አልኩ። አስነሥተውኝ ወደ ሕዝቡ ወጡ። ሟቿ የጋሸና ናት፤ አበባ ግን ደህና ናት፣ አሁን በስልክ ሰምተናታል። የሞተችው እናንተ የማታውቋት ናት፤ ልጇን ለዚህ ቤት ትታ ሄዳለች፤ ስላለቀሳችሁ ዋጋችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ አሉ። እስቲ ከዚህ ውስጥ አንዲት ውሸት አውጡልኝ! ልጁ የት አለ ብላ የጠየቀች አንዲት ሴት ነበረች። ተኝቷል አሏት። እውነትም ጠግቦ ተኝቶ ነበር።

ለእኔ የሰጡኝ ቀኖና ሦስት ነው። ስለ ዋሸሁ እስከ ፋሲካ በየቀኑ አርባ ስግደት፤ ሰው አስለቅሻለሁና ሦስት ቀን ለቅሶ መቀመጥ፤ ደግሞም ስለ ውሻው ጾም የሚጠይቅ ቢመጣ አዎም አይደለምም አለማለት። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ጺሜን አሳድጌ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ሲሉኝ «አሜን» እያልኩ፣ ጎረቤት ያመጣውን ምስር እየበላሁ አስፋልት ላይ ለሞተች ውሻ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥኩ።

ፋሲካ ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ጾመኛው ይፍታበት እያለ አጥንት ተሸክሞ ጎረፈ። ታዘብኩ ያን ቀን የበላውን ያህል አራት ቄስ ቢበላ ይበቃዋል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ገበሬ ከሙጃ ድረስ መጡ፤ በስልቻ ገብስ ይዘው። ወሬው እዚያም ደርሷል። የእሳቸው ውሻ ረቡዕ ዓርብ የማያውቅ፣ በሁዳዴ እንቁላል የሚሰርቅ አረመኔ ስለሆነባቸው ሊያስወግዱት ነው፤ ታዘብኩ ሲያድግ ከዚህ ከሚጾመው ዘር አንድ ቡችላ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ወርቄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ቀኖናዬን አሰብኩ። አዎም አይደለምም አላልኩ። ገብሱን በአክብሮት ተቀበልኩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ ለመሆኑ የምትታለብ ላም አለችዎት?»