ለቤት ኪራይ የተላኩ ሽማግሌዎች

የቤት ኪራይ ውድነት የትልልቅ ከተሞች በሽታ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ናይሮቢ አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ፣ ዘመዳችሁ ደውሎ በወር የሚከፍለውን ሲነግራችሁ «ወይ ጉድ!» ብላችሁ ከንፈር ትመጥጡና፣ ስልኩን እንደዘጋችሁ «እንኳንም እዚህ ኖርኩ» ትላላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሞባይል እየጠገንኩ ስኖር ዓመታት ሆነውኛል። ናይሮቢን የማውቃት የአውቶቡስ መስታወት ላይ በተጻፈ ስሟ ብቻ ነው። ቢሆንም ናይሮቢ ሳልኖር የናይሮቢ ኪራይ ከፍያለሁ። አትሳቁ! እናንተም ሳታውቁት እየከፈላችሁ ሊሆን ይችላል።

አከራዬ ማማ ዳኪ ይባላሉ። ቦረና ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ በእነሱ ወግ አባት የሚጠራው በልጁ ስለሆነ «አባ ሕይወት» ነው የሚሉኝ። አማርኛቸውን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አልገባበትም፣ ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ቅንጣት አይሳሳትም። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ጥሩ ጥላ ያለው የኒም ዛፍ አለ። አራት ዓመት ሙሉ አምስት ሺህ ሺሊንግ እየከፈልኩ ኖሬበታለሁ፤ አንድም ቀን ተቀያይመን አናውቅም።

ከዚያ አስፋልቱ መቅረብ ጀመረ። ሁላችንም አስፋልት ይምጣልን ብለን ስንጸልይ የኖርን ሰዎች ነን፤ ማን ተሳፍሮበት እንደሚመጣ ግን የጠየቀ አልነበረም። የካውንቲ መስተዳድር ሠራተኛ መጣ፣ የመንገድ ሥራው መሐንዲስ መጣ፣ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ግን ባጅ ያንጠለጠለ ሰው መጣ። እነዚህ ሰዎች ቤት ሲያዩ «ስንት ነው?» አይሉም። «መኪና ማቆሚያ አለው?» ነው የሚሉት። እኛ ተከራዮች ያን ቀን ነው ያለቀልን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማማ ዳኪ ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ።

«አባ ሕይወት፣ ልጄ ጉዮ ደወለ። ናይሮቢ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ ይወጣል። አንተ መሬት ላይ ሁለት ክፍል፣ ግቢ፣ ዛፍ። አምስት ሺህ! አያሳፍርም?»

«ማማ፣ ናይሮቢና ሞያሌ እኮ አንድ አይደሉም።»

«የሱን ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ያለሁት ሞያሌ ነው። አንድ ነው። ከሚመጣው ወር ስምንት ሺህ። ካልቻልክ የካውንቲ ሰውዬ አለ፣ ሁለቴ አይቶታል።»

እስቲ ይህን ሂሳብ እዩልኝ! አከራዮች ለዚህ ትምህርት ቤት ገብተው ይሆን እንዴ እላለሁ አንዳንዴ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዕቃዬን ጭኜ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ እሻገር ነበር፤ እዚያ ኪራይ ይቀላል። ከከተማው ወጣ ባለችው ጎዶማም ርካሽ ቤት አይጠፋም። ጣጣው ግን ልጄ ሕይወት ናት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስባት ሦስት ወር ቀርቷታል፤ ተፈታኞቹ ደግሞ ሳይነጋ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ክፍል ገብተው ማጥናት አለባቸው። ኬላው የሚከፈተው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከጎዶማ በዚያ ጨለማ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ማን ይልካል? ከማማ ዳኪ ግቢ ግን የትምህርት ቤቱ አጥር ይታያል። ባለቤቴ ዘሪቱ ቆርጣ ነገረችኝ። «የፈለግከውን አድርግ፣ ልጄ ሳትፈተን ከዚህ ቤት አልወጣም።» ስምንት ሺህ ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረችኝም። ለሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ፤ የሰው ስልክ ከፍቼ ብሎኑን የት እንዳስቀመጥኩ ይጠፋኝ ጀመር።

በአራተኛው ቀን መላው ብልጭ አለልኝ። ነገር አዋቂ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ካለም እኔ እነግረዋለሁ። በአገራችን ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ይላካል፣ የተጣላ ለማስታረቅ ሽማግሌ ይላካል። ለቤት ኪራይ ሽማግሌ የላከ ማን አለ? ማንም! ስለዚህ እኔ ላክሁ።

አመራረጤን ደግሞ እዩልኝ። ባለሆቴሉን ጋሽ ተሰማን መረጥኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲናገሩ ሕፃን አያለቅስም። ሐጂ ኑሩን ጨመርኩ፤ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የምሠራባት ሱቅም የሳቸው ናት፣ አምስት ዓመት ሙሉ ኪራይ ጨምረውብኝ አያውቁም። ሦስተኛው የከብት ነጋዴው ኦቦ ጋልገሎ ናቸው፤ የማማ ዳኪ ወገን ስለሆኑ ቃላቸው አይወድቅም። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከጎሳ። ምን ጎደለ? ምንም የጎደለ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ነጠላቸውንና ሽርጣቸውን አስተካክለው መጡ። ማማ ዳኪ ደንግጠው በርጩማ ሲያቀርቡ፣ ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አነሡና «ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ! ኦቦ ጋልገሎ መረቁ። ሐጂ ኑሩ ስለ ጎረቤት ሐቅ ሲናገሩ እኔ ራሴ ለማማ ዳኪ ኪራይ ልቀንስላቸው ምንም አልቀረኝ።

ማማ ዳኪም በተራቸው ተናገሩ። ስለ ጉዮ አራተኛ ፎቅ፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ሺህ፣ ስለ ካውንቲው ሰውዬ። «በሳምንት ሁለቴ መጣ፣ ስምንት ሺህ ስለው ዐይኑን አላሸም፣ ቀብድ ልስጥሽ ነው ያለኝ» ሲሉ ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ኑሩ ቀስ ብለው «ለዚህ? ሁለት ክፍል ብቻ ናት?» ሲሉ ጠየቁ። ጋሽ ተሰማ ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ልስን የለውም እኮ» አሉ። ኦቦ ጋልገሎ ሽንት ቤቱ ውጪ መሆኑን ዞረው አዩ። እንዲህ ለኔ ሲሉ የቤቱን ነውር እየፈለጉ ዋጋ ሊያወርዱልኝ ነው ብዬ በሆዴ እያመሰገንኳቸው ነበር። የኔ የዋህነት!

ምን አለፋችሁ፣ ማማ ዳኪ ሦስት ሽበታም ቆሞባቸው እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። «ልጅቷ እስክትፈተን፣ በአምስቱ ይቀመጥ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጡ። ዘሪቱ ከጋብቻችን ወዲህ እንደዚያ በአድናቆት አይታኝ አታውቅም።

ሰኞ ዕለት የጋሽ ተሰማ ተከራይ የሆነ መምህር ፊቱ ጠቁሮ ሱቄ መጣ፤ ሁለት ሺህ ተጨምሮበታል። ረቡዕ የኦቦ ጋልገሎ ተከራዮች ሲጮኹ ሰማሁ። ያኔ ነው የገባኝ። በከተማችን ቃሉ የሚሰማ ሰው ማለት ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ያከራያል። እኔ ሦስት የተኙ አከራዮችን ከየቤታቸው ሰብስቤ የገበያውን ዋጋ ቁጭ ብለው እንዲማሩ አደረግሁ። ሻዩንም የጋበዝኩት እኔ ነኝ!

ዓርብ፣ ሐጂ ኑሩ ከጁምዓ ሲመለሱ ሱቄ ገቡ። እንደ ወትሮው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ማማ ዳኪን ስትናገር ሰምተሃታል። እኔ አልበዛብህም፣ ሱቋ ላይ ሁለት ሺህ ብቻ» አሉኝ። እንግዲህ ቤቱን በአምስት ብይዘው ምን ዋጋ አለው? ሱቋን ከለቀቅሁ አምስቱንም የምከፍልበት የለኝ። ለሐጂ ሽማግሌ ልላክባቸው ብል ደግሞ ማንን? ከተማው ውስጥ የቀሩትን አከራዮችም ልቀስቅሳቸው?

በመጨረሻ አፍሬ ማማ ዳኪ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳልናገር ሻሻቸውን አሰሩ።

ሐጂ ሱቅ ገዢ ሞልቷል። ማማ ዳኪ ገብተው መሐል ላይ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ማማ» አሉ ሐጂ።

«ቃሌ ሳይሰማ አልቀመጥም!» አሉ ማማ ዳኪ። ገዢው ሁሉ ጨርቁን ትቶ ዞረ። «ሐጂ፣ የኔ ኪራይ የሚመጣው ከዚህ ሰውዬ እጅ ነው። አንተ ሱቅ ላይ ከጨረስከው እኔ ምን ልቀበል? የኔን ተከራይ ተውልኝ፤ የራስህን ፈልግ!»

ሐጂ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አፈሩ፣ በኋላ ደግሞ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሁለቱ ሺህ ቀረ።

ሕይወት ፈተናዋን ከዚያው ግቢ እየተመላለሰች ተፈተነች። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ እናቷ ላይ ተጠምጥማ ስትስቅ ሳይ እንባዬ መጣ፤ ወንድ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ፊቴን ለመጥረግ ዞር ስል ማማ ዳኪ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«አባ ሕይወት፣ ፈተናው አለቀ አይደል?»

«አለቀ፣ ማማ። ይመስገን።»

«እንግዲህ ዘጠኝ ሺህ።»

«ዘጠኝ? ስምንት አልነበር እንዴ!»

«ስምንቱ የቤቱ ነው። ሐጂ ዘንድ ሁለት ሺህ አስቀረሁልህ፤ አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለኔ። ጎረቤት አይደለን?»

ሥራዬን አበዛሁት፣ ዘሪቱም አንዳንድ ነገር መሸጥ ጀመረች፤ ዘጠኙን ከፈልኩ። ምን ላድርግ? ከተማችን ካሏት ሽማግሌዎች ሁሉ ብልጫ ያላቸው እሳቸው ሆነው ተገኙ፤ በሳቸው ላይ ማንን ልላክ?