ከካፒቴኑ የተወለዱት ወይዘሪት ታርቦክስ

በማሳቹሴትስ የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ የሞቱ ዘመዶቹን የሚፈልግና ከዚህ ፈላጊ የሚሸሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሸሺዎቹ ወገን ነበርኩ። ግን በእኛ ከተማ፣ በሃርትስበሪ፣ ሸሽቶ ከወይዘሪት ዊኒፍሬድ ታርቦክስ ያመለጠ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ቢወለድም የልደት ቀኑን ከነምስክሮቹ መዝግበው የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

እኚህን ሴት አላውቃቸውም የምትሉ ተሳስታችኋል። ስማቸው ሌላ ሆኖ በእናንተም ሰፈር አሉ። ቀብር ላይ ሰዉ ሲያለቅስ እሳቸው አጠገቡ ያለውን የሌላ ሰው መቃብር ፎቶ ያነሳሉ። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን "እንኳን ደስ ያለሽ" ከማለታቸው በፊት "የእናትሽ እናት ከነማን ናቸው?" ይላሉ። የታመመ ሊጠይቁ ገብተው በሽተኛውን ትተው ጣራው ሥር ያለውን የድሮ ሳጥን ጠይቀው ይወጣሉ።

የእኛዋ፣ ክብርት ወይዘሪት ታርቦክስ፣ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውኛል። ይኸው ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ቧንቧ ጠጋኝ ሆኜ፣ ሆድም አውጥቼ፣ "ሮላንድ ቡሻርድ!" ብለው ሲጠሩኝ ጀርባዬ ቀጥ ይላል። ጡረታ ሲወጡ ማስተማሩን አልተዉም፤ ተማሪ ብቻ ለወጡ። አሁን ክፍላቸው ውስጥ ያሉት በሙሉ የሞቱ ናቸው፤ ሲያወሩላችሁ ግን ጠዋት ሱቅ ያገኟቸው ነው የሚመስላችሁ።

"ያቺ ሰብሚት ፕራት ደግሞ አመሏ!" ይሉኛል። "ከጎረቤት ጋር በአንዲት አሳማ ስንት ዓመት ተካሰሰች መሰለህ።"

ጉድ ነው፣ የቷ ጎረቤታችን ናት ብዬ ሳስብ እቆያለሁ። ሰብሚት ፕራት የሞተችው በ1761 ነው።

አንድ ጊዜ የማድ ቤታቸው ቧንቧ ፈንድቶ ጠሩኝ። እኔ ከማጠቢያው ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ውሃው ፊቴ ላይ እየወረደ፣ እሳቸው ከራሴ በላይ ቆመው የ1702 ኑዛዜ ያነቡልኛል።

"ስማ ሮላንድ! ይሄ ሰውዬ ለሚስቱ ምን እንደተወላት ታውቃለህ?"

"ወይዘሪት፣ ዋናውን መዝጊያ ይዝጉልኝ!"

"የምድር ቤቱን ግማሽ! ግማሹን ብቻ! በደረጃው የመውረድ መብት ደግሞ ለብቻው ተጽፎላታል!"

"ወይዘሪት፣ ልሰጥም ነው!"

"እሷስ? ደረጃውን ባይጽፍላት በምን ልትወርድ ነበር?"

ይህ ሁሉ ለቀልድ እንዳይመስላችሁ። ወይዘሪት ታርቦክስ የሃርትስበሪ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች ማኅበር መዝጋቢ ናቸው። በ1674 ጫካውን መንጥረው ከተማዋን ከቆረቆሩት አሥራ አራት ቤተሰቦች መወለዱን፣ አባትን ከልጅ፣ ልጅን ከአባት በሰነድ እያያያዘ ያስመሰከረ አባል ይሆናል፤ በዓመታዊው የቦሎቄ እራትም ከፊተኛው ጠረጴዛ ይቀመጣል። ያላስመሰከረ ከእኔ ጋር በሩ አጠገብ ነው። ማስረጃውን የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው፤ ፍርዳቸውም አጭር ነው፦ "ወረቀት ያለው ዘመድ ነው፤ ወረቀት የሌለው ወሬ ነው።"

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የአያቱን ቀለበትና የአያቱን ታሪክ ይዞ መጥቶ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀለበቱን አገላብጠው አዩ፣ መለሱለት። "አያትህን አውቃቸዋለሁ፤ ደግ ሴት ነበሩ። ውሸታቸውም ደግ ነው" ብለው ሸኙት።

ጭካኔ ብቻ ግን አይደለም። አልቫ ኩሽማን የሚባል የከብት ሐኪም አለን። እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ መጣ። መዝገቡን ሲያገላብጥ የጥንት አያቶቹ በግንቦት 1703 ተጋብተው የበኩር ልጃቸው በየካቲት 1703 መወለዱን አየ። በሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ አፈረ።

"አንተ ሞኝ" አሉት ወይዘሪት። "ያኔ እኮ ዓመቱ የሚገባው በመጋቢት መጨረሻ ነው። የዚያ ዓመት የካቲት ከግንቦቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ቁጠር እስቲ በጣትህ።"

አልቫ ቆጠረ። ዘጠኝ ወር፣ ከጥቂት ቀን ጋር። እንደ ሕፃን ደስ ብሎት፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

የራሳቸው ዘር ደግሞ ከሁሉ የላቀ ነው፣ ማለትም ነበር። ካፒቴን ኢካቦድ ታርቦክስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአሥራ አራቱ ቤተሰቦች መሪ ናቸው። የካፒቴኑ ልጅ ጆን፣ የጆን ልጅ ኤልናታን፤ ኤልናታን በ1738 ያቺን አመለኛ ሰብሚት ፕራትን አገባ፣ ዘጠኝ ወለደ፤ ከዚያ እያሉ እስከ ዊኒፍሬድ ይወርዳሉ። ያለ እረፍት፣ አንዳንዴም ያለ ትንፋሽ። ይህን ለማያያዝ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ዘንድሮ ከተማዋ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ስትሞላ፣ በእራቱ ላይ የካፒቴኑን ሰይፍ ይዘው ወደ አዳራሹ እንዲገቡ ማኅበሩ መረጣቸው። ደስታቸውን ከማንም አልሸሸጉም። ሰይፍ አያያዙን በመጥረጊያ እንጨት ሲለማመዱ በመስኮት አይቻለሁ።

በግንቦት መጀመሪያ የድሮውን መቃብር ልናጸዳ ሄድን። እሳቸው በሚታጠፍ ወንበር ላይ ሆነው ያዛሉ፤ እኔ እፈጋለሁ። ("በለስላሳ ብሩሽ! የሽቦ ብሩሽ ያነሳህ ቀን አንተንም እዚሁ እቀብርሃለሁ!") ከካፒቴኑ መቃብር ጎን ሣሩን በዘንግ ስወጋ የሆነ ነገር ቋ አለ። አንድ ስንዝር ያህል ቆፈርኩ። ተጋድሞ የሰመጠ ትንሽ ድንጋይ ነበር። ውሃ አፈሰስኩበትና ፊደሉ ወጣ፦ "ኤልናታን፣ የጆንና የመርሲ ታርቦክስ ልጅ፣ የካፒቴን ኢካቦድ የልጅ ልጅ። በአራት ዓመቱ አረፈ። 1718።"

እኔ ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ፤ ግን ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በ1718 የሞተ ሕፃን በ1738 ሚስት አያገባም። ካፒቴኑ፣ ሰይፉ፣ ፊተኛው ጠረጴዛ፣ ሠላሳው ዓመት፣ ሁሉም እዚያች ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሏል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በእግሬ አፈሩን መመለስ ጀምሬ ነበር።

"ምን አገኘህ?"

"ምንም። ድንጋይ ነው።"

"የማን?"

"የማንም። የሜዳ ድንጋይ።"

"ሮላንድ ቡሻርድ። አምስተኛ ክፍል ሳለህም ስትዋሽ ጆሮህ ነበር የሚቀላው።"

መጡ። ተንበረከኩ። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ብሩሹን ይዤ መቆሚያ አጣሁ።

"ምስኪን" አሉ በመጨረሻ። "በአራት ዓመቱ።"

"ወይዘሪት፣ ያየነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።"

"ይሄን ሕፃን" አሉ፣ እንዳልሰሙኝ፣ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስት አጋብቼ፣ ዘጠኝ ልጅ አስወልጄ፣ መሬት አሳርሼዋለሁ። በቃው። ይረፍ።" ከዚያ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሱ። "ፎቶ አንሳው። ፀሐዩን ከጎን አድርገህ።"

በማግስቱ መዝጋቢዋ ወይዘሪት ታርቦክስ ለአመልካቿ ለወይዘሪት ታርቦክስ ደብዳቤ ጻፉ፦ ማስረጃዎን መርምረን አልተቀበልነውም፣ ከአክብሮት ጋር። ፖስታ ቤት ወስደው ላኩት። በሦስተኛው ቀን ሲደርሳቸው ተናደው ነበር። "አጻጻፉ ትንሽ ይጎመዝዛል" አሉኝ፤ ስንቱን በዚያው ቃል እንደሸኙ ትዝ ያላቸው ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ጠፉ። የከተማው ጽሕፈት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከድሮዎቹ ሳጥኖች መሃል ሦስት ሳምንት ተቀበሩ። እንግዲህ ሰብሚትን ያገባው ኤልናታን የካፒቴኑ ካልሆነ የማን ነው? ሾርባ ባደርስላቸው ሳህኑን ተቀብለው በሩን ይዘጉብኛል። የእራቱ ዋዜማ ስልኬ ጮኸ።

"ሮላንድ! ተገኘች!"

"ማን?"

"አያቴ!"

"ጠፍተው ነበር እንዴ?"

"ዝም ብለህ ነገ ና። ከረባት አድርግ።"

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቷል። ቦሎቄው ከጠዋት ጀምሮ በሞላሰስና በአሳማ ሥጋ ሲበስል ውሏል፣ ጥቁሩ ዳቦ ተቆርጧል፣ ፊተኛው ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ሄስተር ፊንች ሰይፉን በትራስ ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ወይዘሪት ታርቦክስ ገቡ፤ በእጃቸው አንድ ካርቶን አቃፊ ብቻ። በሰይፉ አጠገብ አልፈው ወንበራቸው ዘንድ ቆሙና የቤተሰቦቹን ስም መጥራት ጀመሩ። በየስሙ ዘሮቹ ብድግ ይላሉ። አሥራ ሦስት ከጠሩ በኋላ ቆም አሉ።

"ታርቦክስ" አሉ። "በሰነድ የተረጋገጠ ዘር የለም።"

ወይዘሮ ሄስተር፣ መዝጋቢዋ ወረቀቱን አሳስተው ያነበቡ መስሏቸው፣ "ዊኒ፣ መነጽርሽ..." አሉ።

"መነጽሬ ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሰርጉ መዝገብ 'ኤልናታን፣ የመበለቷ ልጅ' ይላል። ጆን ሞቶ መርሲ መበለት ስለነበረች፣ የትኛዋ መበለት ብዬ ሳልጠይቅ አለፍኩ። መጠየቅ ነበረብኝ።" አቃፊውን ከፈቱ። "ትክክለኛዋ ይህችውላችሁ።"

በዚያ የክፍል ውስጥ ድምፃቸው አነበቡ፦

"ለሃርትስበሪ ኮንስታብል፣ ለከተማው ሕግ አስከባሪ። ታንክፉል ታርቦክስ የተባለች መበለት፣ ኤልናታን ከተባለ የአራት ዓመት ልጇ ጋር፣ ያለ ፈቃድ ወደ ከተማችን ገብታለች። የከተማው ሸክም እንዳትሆን በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ለቃ እንድትወጣ አስጠንቅቃት። ጥቅምት 1719። ፈራሚ፣ ካፒቴን ኢካቦድ ታርቦክስ።"

ወረቀቱን አጠፉት። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"የባሏ የቤተሰብ ስም ከካፒቴኑ፣ የልጇም ስም ከልጅ ልጃቸው ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ አንድ መንደር እንኳ አያገናኛቸውም። ካፒቴኑ ውጪ አሏት። አልወጣችም። ሦስት መቶ አምስት ዓመት ሆናት።"

ከበሩ አጠገብ፣ ከእኛ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው አጨበጨበ። እኔ ነኝ። ከዚያ አልቫ ኩሽማን ከፊት ተነስቶ አጨበጨበ፤ ከዚያ ማድ ቤት ያሉት ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጡ።

ወይዘሮ ሄስተር ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቀው ጠጋ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደንብ የሚወዱ ናቸው።

"ዊኒዬ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ያው ደንቡ..."

"ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ስለዚህ ይሄ ጠረጴዛ..."

"ልቀቂ እያልሽኝ ነው?"

"ማለቴ... አዎ መሰለኝ።"

ወይዘሪት ታርቦክስ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ፤ ናፕኪኑን ጭናቸው ላይ ዘረጉና ማንኪያቸውን አነሱ።

"እሺ። አሥራ አራት ቀን አለኝ።"

የሳቁን ነገር ተዉት። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሳህኔን አንስቼ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጥኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

"ሮላንድ!" አሉ ወይዘሮ ሄስተር። "አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?"

"ኮንስታብል ይላኩብኝ" አልኳቸው።

ወይዘሪት ታርቦክስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። የቦሎቄውን ድስት ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ክርናቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።